ወንድሜ የተያዘበት ሰዓት የት ተጻፈ?

ይድረስ ለፖሊስ ጣቢያው አዛዥ
ሐዋሳ

ክቡር አዛዥ፣

ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ማመልከቻም አስገብቻለሁ። "ነገ ተመለሺ" ከመባል በቀር መልስ ስላጣሁ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ።

ታናሽ ወንድሜ የባጃጅ ሹፌር ነው። ሰኞ ማታ ሥራ ጨርሶ ከአቶቴ ወደ ቤት ሲመጣ በአፈሳ ተያዘ። ቅዳሜ ከሰዓት "ሂድ" ተብሎ ተለቀቀ። በመሀል ዳኛ ፊት አልቀረበም። በምን እንደተጠረጠረ የነገረው ሰው የለም። እኔም ስጠይቅ "የጸጥታ ጉዳይ ነው" ተባልኩ፤ በቃ።

በየቀኑ ስንቅ አመላልሻለሁ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ "ቅመሺ" ይለኛል፤ እንጀራውን ቆርሼ በሽሮው አጥቅሼ ፊቱ እጎርሳለሁ። ደንብ ነው፣ ቅር አላለኝም። ወንድሜን ልየው ስል ግን "ምርመራ ላይ ነው፣ አይቻልም"። ረቡዕ ማታ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ተመለሰልኝ። ያን ሌሊት እናቴ አልተኛችም። በር በሩን እያየች አነጋች።

ሕጉን እርስዎ ከኔ የተሻለ ያውቁታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የማይቆጠረው የመንገዱ ጊዜ ብቻ ነው። ከጣቢያው ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አንቀጽ 21 የቅርብ ዘመድ እንዲጎበኘው ይፈቅዳል። ምርመራው ካላለቀ ዳኛውን ጊዜ ቀጠሮ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያን ለምን ዘለላችሁት?

ጸጥታ አያስፈልግም አላልኩም። ሰፈራችን በሌባ ሲታመስ ፖሊስ ይምጣልን ብለን አቤት ያልነው እኛው ነን። ፖሊስ ስናይ እፎይ እንድንል ነበር የፈለግነው። አሁን ወንድሜ ከመሸ አይሠራም። ፍተሻ ሲያይ መሪው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። ነገ ሌባ ቢያይ መጥቶ ይጠቁማችኋል? እኔ እንጃ።

ስልኩ ዛሬም እናንተ ጋር ነው። የይለፍ ቁጥሩን አስነግረው ፎቶውንና መልእክቱን ሲያገላብጡ ቆሞ አይቷል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላሳዩትም። ስልኩን ሲወስዱም አንዲት ወረቀት አልሰጡትም።

ሐሙስ ጠዋት ስልኩን ልወስድ እመጣለሁ። የተያዘበት ቀንና ሰዓት የተጻፈበትን መዝገብም አሳዩኝ። ካልተጻፈ፣ አልተጻፈም ብላችሁ በጽሑፍ ስጡኝ።

ታላቅ እህቱ