የምስጋና መልእክት ለጋሼ፣ ለኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቼና ለሁላችሁም

ከሁሉ አስቀድሞ ለፈጣሪዬ ምስጋና ይግባው። ወሬው ሳይደርሳችሁ አልቀረም፤ የግል ፓይለት ላይሰንስ የበረራ ፈተናዬን አልፌያለሁ። የብሎካችን እልልታ እስከ አስፋልቱ ስለተሰማ መቼም ያልሰማ የለም። ደውላችሁ ላላነሳሁላችሁ ይቅርታ፤ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው።

ማንን አስቀድሜ እንደማመሰግን ግን አላስቸገረኝም። ጋሼን ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከኛ ብሎክ ምድር ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። የሰፈሩ ሰው በዚህ ብቻ ያውቃቸዋል።

ጋሼ ቡና እየጠጣን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራን፣ ለፈተናው ሊያለማምዱኝ ድንገት «ሞተር ጠፋ!» ይላሉ። ሲኒዬን አስቀምጬ መመለስ አለብኝ።

«ፍጥነቴን አስተካክላለሁ።»

«ስንት?»

«65 ኖት።» ኖት የበረራ ፍጥነት መለኪያ ነው፤ የምማርበት አውሮፕላን፣ ሴስና 172፣ ያለ ሞተር ሩቅ ተንሸራቶ የሚሄደው በዚያ ፍጥነት አካባቢ ነው።

«ከዚያስ?»

«ሜዳ እመርጣለሁ።»

«ነፋሱ ከየት ነው?»

«ጭስ አያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ነዳጁን አይቼ ሞተሩን ለማስነሳት እሞክራለሁ። እምቢ ካለ በሬዲዮ የአደጋ ጥሪውን፣ ሜይዴይ እላለሁ።»

ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ አልማሩኝም። አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ከኋላችን የተሰለፉ እናት «የማን ሞተር ነው የጠፋው? ለፖሊስ ተናገራችሁ?» ብለው ሲጨነቁ ጋሼ ሳይስቁ «እየፈለግነው ነው» አሏቸው።

ወደ ቢሾፍቱ አብረን ስንሄድማ ወሬያቸው ሁሉ ሜዳ ነው። ዱከም ላይ በመስኮት እያሳዩኝ «ያኛው የታጨደ ጤፍ ነው፣ ይሆናል። ይኼኛው ሽቦ ተሻግሮበታል። እዚያ ባሕር ዛፍ አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ጥቁሩን አፈር እንዳታምኚው፤ ጎማሽን ይዞ ይገለብጥሻል» ይሉኛል።

በፈተናው ዕለት ፈታኙ አየር ላይ የሞተሩን ኃይል እስከ ታች ቀንሶ «ሞተርሽ ጠፍቷል» ሲለኝ የተሰማኝ የጋሼ ድምፅ ነው። እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ሜዳው ላይ አይታረፍም፤ መድረሳችን ሲረጋገጥ ኃይል ሰጥተን ወደ ላይ ወጣን። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ደግሞ የከፍታውን ነገር ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ እንደ ሰው ዳገት ላይ ያለከልካል፤ ለመነሳት የሚፈልገው ርቀትም ይረዝማል። «ሙቀቱንና ክብደቱን ከሠንጠረዡ ጋር ሳታስተያዪ እንዳትነሺ» ይሉኝ ነበር። ፈታኙም መሬት ላይ ብዙ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው።

በኢንቦክስ ፈተናው ምን ይመስላል ላላችሁኝ ልጆች፦ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት 17 ዓመትና 40 የበረራ ሰዓት ነው፤ የጤና ምርመራም አለው። ፈተናው ከወረቀት ይጀምራል። የአየር ትንበያ፣ የክብደትና የነዳጅ ስሌት ትጠየቃላችሁ። ከዚያ አውሮፕላኑን ዞሮ መፈተሽ ነው። ነዳጁን በብርጭቆ ቀድታችሁ ውኃ እንዳለበትና እንደሌለበት ታያላችሁ፤ በጥድፊያ አትለፉት። አየር ላይ በያዛችሁት መንገድ እየሄዳችሁ ድንገት «አቅጣጫ ቀይሩ» ትባላላችሁ። በ45 ዲግሪ አዘንብሎ መዞር፣ ስታል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው ማስተካከል)፣ በፍላፕ (ከክንፉ ኋላ በሚዘረጋው ክፍል) እና ያለ ፍላፕ ማረፍ፣ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት፣ ይኼ ሁሉ አለ። ፈታኙ ዝም ካለ አትደንግጡ። እኔን ያስጨነቀኝ ዝምታው ነበር፤ ለካ ሰውየው እየጻፈ ነው። በኔ እምነት ወጥመድ የሚባለው ወሬ ነው፤ የሚጠየቀው የተማራችሁት ነው።

አስተማሪዎቼን፣ የጥገናና የታወር (የበረራ መቆጣጠሪያ) ሠራተኞችን፣ የሥራ ባልደረቦቼን በጠቅላላ አመሰግናለሁ። እማዬ፣ «እንኳን በሰላም ወረድሽልኝ» ብለሽ አንገቴን ያነቅሽው ነገር ከሰርተፍኬቱ ይበልጥብኛል። የእድራችን እናቶች፣ ለዳቦውም ለጸሎቱም ያኑርልኝ። ያልጠቀስኳችሁ ካላችሁ ከደስታ ብዛት ነውና አትቀየሙኝ። ለሁላችሁም እሁድ ከሰዓት በኋላ ብሎካችን ሥር ቡና አለ።

ጋሼ፣ ላይሰንሱ እጄ ሲገባ የመጀመሪያው ተሳፋሪዬ እርስዎ ነዎት። በግል ላይሰንስ ሒሳብ አስከፍሎ ሰው መጫን ስለማይፈቀድ ኪስዎን እንዳይነኩ። ክብደትዎን ብቻ ሳይቀንሱ በትክክል ይንገሩኝ፤ ለስሌቱ ነው።