ቶሮንቶ ላይ ከመፈረምሽ በፊት

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እንጀራ ቤትሽ ገበያው ደርቶ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በአንዴ ሦስት ቤት ልትከራዪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

ታርጌትን፣ ያንን ትልቅ የአሜሪካ የሱቆች ድርጅት፣ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። በፈረንጆቹ 2011 ካናዳ ውስጥ የብዙ ሱቆችን የኪራይ ውል በጅምላ ገዛ። ውሉ ከተያዘ ወዲያ መጠበቅ ኪሳራ ስለሆነበት ተጣደፈና በ2013 ብቻ ከመቶ በላይ ሱቅ ከፈተ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው የዕቃ መረጃ በስህተት የተሞላ ስለነበር መጋዘኑ ታጭቆ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ጥር 2015 ላይ 133ቱንም ሱቅ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያ ሁሉ ገንዘብ ያለው ድርጅት አንድ ሁለት ሱቅ ከፍቶ ስህተቱን የሚያይበት ጊዜ አልነበረውም።

የእኔንም አትርሺ። የአሜሪካው ገዢ የቦርሳ ትእዛዝ ሲሰጠኝ የዓመቱን ቆዳ በባንክ ብድር ገዝቼ ከመርኩ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካን ዕቃ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ስትታገድ ቀረጥ መጣበት፤ ሰውየው ትእዛዙን ሰረዘ። እገዳው በእኔ እጅ አልነበረም፤ የቆዳው ብዛት ግን በእኔ እጅ ነበር። ስንት እንደማተርፍ ሌሊት ሙሉ ሳሰላ፣ ስንት ብከስር ቤቴ እንደማይናጋ አንድ ቀን አላሰላሁም። እናትሽ ወርቋን የሸጠችው ያኔ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ቁጥር ጻፊው፤ ቢጠፋ የሲልቨር ስፕሪንጉን ሠራተኞች ደመወዝ የማይነካውን። ከዚያ ለጥቂት ወራት እንጀራውን በመኪና እየላክሽ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ ላሉ የሐበሻ ሱቆች አስረክቢ። ድንበር ላይ አንድ ቀን ቢያድር እንዴት እንደሚደርስ ታያለሽ። ካናዳ የማሸጊያውን ጽሑፍ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ይፈልጋል፤ የምግብ ይዘት ሠንጠረዡም ከአሜሪካው ይለያል፣ ላስቲክሽን እንደገና ታሳትሚያለሽ። ሽያጩ በካናዳ ዶላር፣ ጤፉ ግን በአሜሪካ ዶላር ነውና ሒሳቡን ምንዛሪው ከዛሬው በከፋበት ዋጋ ሥሪው። ይህ ሁሉ ከያዘልሽ አንድ ቤት ተከራዪ።

ውሉን ለጠበቃ ሳታሳዪ እንዳትፈርሚ። በተለይ በግልሽ ዋስ የሚያደርግሽ አንቀጽ ካለ አስወጪው፤ እምቢ ካሉ ቤቱን ተዪላቸው። ረቂቁን ለእኔም ላኪልኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ።

አባትሽ