የኮምፒዩተር ክበብ፦ በ8 ባይት የተንገላታንበት ዓመት

የደብረ ብርሃን ውርጭ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ አያስወጣም። የክበባችን አባላት ግን ሹራብ ደራርበው፣ አንዳንዱም ጋቢ ደርቦ ሲመጣ ከርሟል። መብራት የሄደ ቀን በጥቁር ሰሌዳ ሠርተናል። የመጀመሪያው መንፈቅ በኤክሴል አለፈ፤ ብዙም የሚወራለት አይደለም።

በሁለተኛው መንፈቅ ሲ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የሠራው ይህ ቋንቋ ሰው ያምናል፤ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ከተሰጠህ ቦታ አልፈህ ስትጽፍ ተው አይልህም። ሥራችን መጽሐፍ የተዋሱ ተማሪዎችን በሊንክድ ሊስት፣ ኖድ በሚባሉ የተያያዙ መዝገቦች፣ መመዝገብ ነበር። እያንዳንዱ ኖድ የሚያውቀው ቀጣዩን ብቻ ነው፤ መንዝ ውስጥ የሰው ቤት ስትጠይቅ «እዚያ ማዶ ጠይቅ» እንደሚሉህ ማለት ነው።

ኖዱ ቁጥርና ፖይንተር (የቀጣዩ ኖድ አድራሻ) ብቻ ሳለ ፕሮግራሙ ሠራ፤ አጨበጨብን። ለስም 20 ባይት (ባይት የማስታወሻ መለኪያ ነው) ስንጨምር ግን ሁለተኛው ተዋሽ ላይ ተቋረጠ። ስህተት መፈለጊያው ጂዲቢ የሚጠቁመን ማሎክ (የማስታወሻ ቦታ የሚሰጠን የሲ ትእዛዝ) የተጠራበትን መስመር ነው። ያን መስመር ሁለት ቅዳሜ አፈጠጥንበት። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሙን፣ የማስታወሻ ዕቃውን፣ ጠርጥሬ ነበር።

«ቲቸር፣ የሚሠራውንስ ለምን አናየውም?» አለች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ። አሮጌውን ፕሮግራም የማስታወሻ አጠቃቀም በሚመረምረው ቫልግራይንድ ብታስኬደው «ኢንቫሊድ ራይት ኦፍ ሳይዝ 8» አለ፤ ከተያዘው 8 ባይት አልፋችሁ ሌላ 8 ባይት ጽፋችኋል ማለቱ ነው። ስፋት በሚለካው ሳይዝኦፍ ውስጥ አንዲት ኮከብ (*፣ የፖይንተር ምልክት) ተርፋ ኖሮ፣ የጠየቅነው የኖዱን ሳይሆን የፖይንተሩን ስፋት ነበር። ስም ያልነበረው ኖድ 16 ባይት ነው። የስርዓተ ክወናችን የሊኑክስ ማሎክ 8 ሲጠየቅ እስከ 24 ባይት ስለሚለቅ ጉዳችንን ሸፈነልን። ስም ሲገባ ኖዱ 32 ሆነ፤ የቀጣዩ አድራሻም ማሎክ የራሱን ሒሳብ በሚይዝበት ቦታ ላይ ተጻፈ። ማሎክ የጮኸው በሚቀጥለው ጥሪ፣ ሒሳቡ ተበላሽቶ ሲያገኘው ነው።

ኮከቧ ተነሣች። ዝርዝሩን ስናፈርስ ደግሞ ፍሪ ያደረግነውን (ቦታውን የመለስነውን) ኖድ ቀጣዩን እንጠይቀው ነበር፤ ተከራዩ የለቀቀውን ቤት ማንኳኳት። ክፋቱ አልፎ አልፎ መልስ ይሰጣል። ቀጣዩን አስቀድመን በሌላ ፖይንተር ያዝነው፤ ይኼ አንድ ከሰዓት አልፈጀም።

ሰኔ ላይ ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ አሳየናቸው። አይተው ወደዱት። «መብራት ሲሄድስ ስሞቹ የት ይቀመጣሉ?» አሉን። ፋይል ላይ መጻፍ ለመስከረም ተቀጥሯል።