የወሩ የመጨረሻ ሳምንት

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውዪ «አባዬ፣ ደሞዜ ወሩን አላደርስ አለኝ» አልሽኝ። አንዷ የሥራ ባልደረባሽም ብድር ውሰጂ፣ ትንሽ ትንሽ እየከፈልሽ ይቀልልሻል እንዳለችሽ ነገርሽኝ። ዝም አልኩሽ። ተቆጥቼ አይደለም። «ትንሽ ትንሽ እየከፈልን ይቀልለናል» የሚለውን ነገር ከብዙ ዓመት በፊት እኔ ራሴ ለእናትሽ ብያት ስለነበር ነው። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልመሰለኝ እየጻፍኩልሽ ነው።

ልጅ ሆነሽ የምትዘዪበት ግራጫ ሶፋ ትዝ ይልሻል? በዱቤ ነበር የገዛሁት። እንግዳ ሲመጣ በቤቴ ማፈር ሰልችቶኝ ነበር። የወር ክፍያውን ጠየቅኩ፤ ትንሽ ነው፤ ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ በጠቅላላ ስንት እንደምከፍል ግን አልጠየቅኩም። በሰባተኛው ወር እናትሽ ታመመች። ለመድኃኒት የሚሆን ነገር እጄ ላይ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው ተበደርኩ። ለዚያ ሰው ለመክፈል ደግሞ ከሌላ ሰው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። የሶፋው ልብስ ተቀዶ ሞላው ወጥቶ ሳለ እኔ ገና እየከፈልኩ ነበር። ዛሬም የሚቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። በር ሲንኳኳ እደነግጥ የነበረው ነው። ለእንግዳ ብዬ ሶፋ የገዛሁ ሰውዬ ከእንግዳ መሸሽ ጀመርኩ።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የሶፋው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሶፋው ብቻውን አልጣለኝም። የጣለኝ፣ ሕመም ሲመጣ ምንም ያስቀመጥኩት ነገር አለመኖሩ ነው። የደረሰብንን «ዕዳ ከሜዳ» አልነው፤ ግን ሰው መታመሙ፣ ጫማ ማለቁ፣ ስልክ መውደቁ መቼ አዲስ ነገር ሆኖ ያውቃል? የማናውቀው ቀኑን ነው እንጂ መምጣቱን እናውቃለን። በዓልማ ቀኑም ይታወቃል። አንቺም ተቀምጠሽ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡብሽን ወጪዎች ጻፊያቸው። ደምሪያቸውና ለ12 አካፍዪው። የሚወጣው ቁጥር የየወሩ ወጪሽ ነው፤ ምንም እንኳ በዚያ ወር ማንም ባይጠይቅሽ። ደሞዝ በገባ ዕለት ለይተሽ አስቀምጪው። ወሩ መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን አስቀምጣለሁ ካልሽ አይተርፍም፤ እኔ አንድም ወር ተርፎኝ አያውቅም።

ስለ ብድሩ ደግሞ ላስረዳሽ። ለወር ወጪ የሚወሰድ ብድር ደሞዝሽን አይጨምረውም። የሚመጣውን ወር ደሞዝ ዛሬ መብላት ነው፤ ያውም ተቀንሶ። በዚህ ወር ያልበቃሽ ደሞዝ በሚቀጥለው ወር ክፍያ ተቀንሶበት እንዴት ይበቃሻል? «በወር 5 በመቶ ብቻ» ሲሉሽ ጆሮ የሚሰማው 5ቷን ነው። ሳትከፍዪ ቀርተሽ ወለዱ በዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ ግን 100 የነበረው ዕዳ በዓመቱ 180 ገደማ ይሆናል።

ሌላም አለ። 1,000 ተበደርሽ እንበል፤ በ12 ወር እኩል እየከፈልሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ወለዱ 100 ነው። ሲያዩት 10 በመቶ ነው። ነገር ግን 1,000ው ዓመቱን ሙሉ አንቺ ጋ አልቆየም፤ በየወሩ እየመለስሽው ነበር። ስድስተኛው ወር ላይ ግማሹ እጅሽ ላይ የለም፤ ወለዱ ግን የሚታሰበው እንዳለ ተደርጎ ነው። በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ የሚያስብ አበዳሪ ያንኑ 100 ለማግኘት በዓመት 18 በመቶ ገደማ ማስከፈል ነበረበት። አንድ ቀን መበደር ግድ ከሆነብሽ ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው? በጠቅላላ የምመልሰው ስንት ነው? እኔ የወር ክፍያውን ብቻ ጠይቄ ነው የገባሁበት። ዋስ ሁኚልኝ የሚልሽም ሰው ይመጣል። እሱ ካልከፈለ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፤ ለመክፈል ካልተዘጋጀሽ አትፈርሚ።

ከእጅ ወደ አፍ እየኖርሽ ምኑን ልቆጥብ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ብዙ ሰው ለወጣቶች የሚመክረው ከትንንሹ ነገር ቀንሱ እያለ ነው። እኔ አልስማማም። ከጓደኛሽ ጋር የምትጠጪውን ሻይ ብትተዪ ወሩ አይሞላልሽም፤ ሕይወትሽ ብቻ ይደርቃል። መጀመሪያ ትልቁን እዪ። የቤት ኪራይሽ የደሞዝሽን ግማሽ ከበላ የቀረውን በማስታወሻ ደብተር ብትጠብቂው ዋጋ የለውም። ከሰው ጋር ተጋርቶ መኖር፣ ለሥራ ቅርብ የሆነ ትንሽ ክፍል መፈለግ፣ ይህ ይከብዳል፤ ግን አንዴ ተወስኖ በየወሩ ያተርፋል። ሻይዋን መተው ግን በየቀኑ ከራስ ጋር መታገል ነው።

እቃ ስትገዢ ዋጋውን ብቻ አትዪ። ጫማና ብርድ ልብስ በየቀኑ የምትጠቀሚባቸው ናቸው፤ ጠንካራውን ግዢ፣ ካልቻልሽ አጠራቅመሽ ግዢ። በዓመት አንዴ የምትለብሺውን ቀሚስ ግን ከእህትሽ ተዋሺ። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል፤ በእህት ቀሚስ ግን ይደመቃል፤ አይቼሻለሁ።

እናትሽና እኔ ዕዳውን ከጨረስን በኋላ ደሞዛችን አልጨመረም ነበር። ኑሯችን ግን ተለወጠ። ማታ ማታ ሦስታችን በእግር እንወጣ ነበር፤ አንቺ ትከሻዬ ላይ ነበርሽ። ያ የተሰበረ ሶፋ ላይ ምንጣፍ ደርበን ጓደኞቻችንን እንጠራ ጀመር። ማንም ስለ ሶፋው አንድ ቃል አልተናገረም። «አሁን አልችልም» ማለትንም ያኔ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ላይ አንደበቴ ተሳሰረ፤ ሦስተኛው ላይ ቀለለኝ። ከጓደኞቼ አንዱም በዚያ ምክንያት አልራቀኝም።

አሁን የተበደርሽው ነገር ካለም አትደብቂኝ። አልቆጣም። መክፈል የማትችዪበት ወር ሲመጣ ስልክ አታጥፊ፤ ቀኑ ሳያልፍ ለአበዳሪው አስቀድመሽ ንገሪው። እኔ ዝም ብዬ በመጥፋቴ ነው ሰው የተቀየመኝ እንጂ በመቸገሬ አይደለም።

እሑድ ስትመጪ የዚህን ወር ወጪሽን በወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ስንቱ ለምን እንደሄደ፣ ሳትደብቂ። እናትሽ ደግሞ የዚያን ዘመን ደብተር ከሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልሻለች። የመጨረሻውን የሶፋ ክፍያ የጻፈችበትን ገጽ ታሳይሻለች። ከሥሩ አንቺ በእርሳስ የሞነጫጨርሽው ስዕል አለ።

አባትሽ