ኡርዱ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ለምታለማምዱ አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

ከፓኪስታን ለመጡት ተማሪዎቻችን መልመጃ ስታዘጋጁ፣ ስህተትን ከመቁጠር ይልቅ ስህተቱ ከየት እንደሚመነጭ እንድትመረምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኡርዱም እንደ አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ የቃላት ቅደም ተከተል የሚያስከትለውን ችግር ከራሳችን የትምህርት ዘመን እናውቀዋለን። የሚከብደው የእንግሊዝኛው «ዘ» (the) ነው፤ በኡርዱ ይህን የሚተካ ቃል ስለሌለ ተማሪው አንድም ይዘለዋል፣ አንድም ያለቦታው ይጨምረዋል፤ በመሆኑም ሕጉን ከማስሸምደድ ይልቅ አጭር ጽሑፍ አስነብባችሁ እያንዳንዱ «ዘ» ለምን እንደገባ ብታወያዩ የተሻለ ይመስለኛል።

ኡርዱ ለትናንትም ለነገም «ከል» የሚል አንድ ቃል ስላለውና ልዩነቱን የሚያሳየው ግሱ ስለሆነ፣ የጊዜ መልመጃውን «የስተርደይ» እና «ቱሞሮው» ከሚሉት ቃላት ጀምሩ። «አይ ኖው» (አውቃለሁ) ለማለት «አይ አም ኖዊንግ» የሚሉትንም በትዕግሥት አርሙ።

ለቃላት ልምምድ «ዶክተር»፣ «ቲኬት» እና «ስቴሽን» በኡርዱም ስለሚነገሩ ጥሩ መነሻ ናቸው። «እስቴሽን» ቢሏችሁ አትገረሙ፤ ከእኛም መካከል «እስፖርት» የሚል አይጠፋም። ያዘጋጃችሁትን እስከ ሐሙስ እንድትልኩልኝ አሳስባለሁ።