ተጭና እንድትመጣ የከፈልኩባትን ፔጆ ነድታችሁ ስለማምጣታችሁ

ግንቦት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከሐረር አዲስ አበባ በጭነት እንድትደርስ በተዋዋልንባት ፔጆ 404 ላይ የደረሰውን ጉዳት ይመለከታል

ማክሰኞ ግንቦት 6 ቀን ሐረር ላይ ለሾፌራችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1968 ሥሪት የሆነች ፔጆ 404 አስረክቤ ነበር። ውላችን አጭር ነው። መኪናዋ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ላይ ተጭና፣ ታስራና ሸራ ለብሳ፣ ሞተሯ ሳይነሳ አዲስ አበባ ቤቴ ደጃፍ ትወርዳለች። ዋጋው 60,000 ብር ሲሆን ግማሹን እዚያው ከፈልኩ። «ሞተሯ ሳይነሳ» የሚለውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሠራተኛችሁም «ምን ችግር አለው ጋሼ» ብሎ ፈረመበት።

ለምን እንዳስጨመርኩት ልንገራችሁ። የሸጡልኝ አባት ዕድሜያቸውን ሐረር ውስጥ በታክሲ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ አራት ዓመት ቆማለች። የውኃ ጎማዎቿ (ቱቦዎቿ) ተሰነጣጥቀዋል፣ ራዲያተሯ ያዣል፣ ፍሬኗ ሁለቴ ካልተረገጠ አይዝም። ይህን ሁሉ አንድም ሳይደብቁ ነግረው ሲያበቁ «ልጄ፣ ከተማ ውስጥ ትንቀሳቀስልሃለች፤ ቆላ ግን እንዳታወርዳት» አሉኝ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ በቁልቢና በጭሮ አድርጎ ከጨርጨር ደጋ ወደ ሚኤሶ ሲወርድ አየሩ ይለወጣል። አዋሽ ደግሞ በግንቦት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። እኔም ምክራቸውን ሰምቼ ነው ነድቼ ከመምጣት 60,000 ብር ማውጣቱን የመረጥኩት።

መኪናዋ በተባለው ቀን አልደረሰችም። በማግስቱ ረቡዕ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ መጣች። በር ከፍቼ ስወጣ ከጭነት መኪናው በስተኋላ መጀመሪያ ያየሁት የኋላ መብራቶቿን ሳይሆን ኮፈኗን ነበር። ሐረር ላይ ፊቷን ወደ ጋቢናው አዙረን፣ ታኮውን በእጄ አስገብቼ ያሰርናት እኔና ሾፌሩ ነን። የታሰረች መኪና በመንገድ ላይ ፊቷን አታዞርም። የኤፍኤስአሩ ወለል ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተበትኗል። የፔጆዋ የሾፌር ወንበር ወደ መሪው ተስቦ እኔ ብገባ ጉልበቴ ይላተማል። ከአራቱ የጎማ ክዳኖች አንዱ የለም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ግን ማንም አላሰበበትም። ስንጭናት ፎቶ አንስቼው ነበር፤ 61,284 ይላል። ስትወርድ 61,410 ሆኗል። ልዩነቱ 126 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዋሽ 7 ኪሎ እስከ አዳማ ያለውን መንገድ ለክታችሁ አስተያዩት። ሾፌራችሁን ስጠይቀው መጀመሪያ ካደ፤ ፎቶውን ሳሳየው «ትንሽ ነው ያንቀሳቀስናት፤ ደግሞ ፔጆ እኮ ናት፣ ምን ትሆናለች?» አለኝ። እንደገባኝ አዋሽ ላይ እሷን አውርዶ ሽንኩርት ጫነ፣ ረዳቱ እየነዳ ተከተለው፣ አዳማ ላይ ሽንኩርቱን አራግፎ መልሶ ጫናት። በአንድ ጉዞ ሁለት ኪራይ ማለት ነው፤ የአንደኛውን ዋጋ የከፈለችው የእኔ መኪና ናት።

ምን እንደሆነች ይኸው። በማግስቱ መካኒክ አስመጣሁ። የዘይት መለኪያውን ሲመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውኃ ገብቶበታል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል። የዚህ ሞተር ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፤ ተፈቶ ሲለካም ተጣሞ ተገኝቷል። ጓርኒሲዮኑን ፍለጋ የመለዋወጫ ገበያውን ሱማሌ ተራን ሦስት ቀን ዞርኩ፤ «ጋሼ፣ የዚህችን ዕቃ ከየት እናመጣለን» እያሉ ሳቁብኝ። የመካኒኩ ግምት የእጅ ዋጋን ጨምሮ 84,600 ብር ነው። ማርሽ ሲገባም መንገጭገጭ ጀምራለች። የፔጆ 404 ማርሽ መሪው ሥር ነው። ረዳታችሁ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ማርሽ ነክቶ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። መኪናዋ ቦሎዋ ካለፈ ቆይቷል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም የላትም፤ ሊብሬውም በስሜ ለመዞር በሂደት ላይ ነው። ሁለቴ ካልተረገጠ በማይዝ ፍሬን፣ መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው በማላውቀው ልጅ እጅ፣ ከጅቡቲ በሚመጡ ተሳቢዎች መካከል 126 ኪሎ ሜትር ተነድታለች። አንድ ሰው ወይም የአንድ አርብቶ አደር ግመል ገጭታ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሳይሆን የፖሊስ ቃል ነበር የምጽፈው።

ቢሯችሁ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ጋሼ፣ መኪናዋ ድሮም አሮጌ ነበረች» የሚል ነው። አዎ፣ አሮጌ ናት፤ አሮጌ ስለሆነች ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት። ፔጆ 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድርን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እንዳሸነፈች እኔም አውቃለሁ፤ ሾፌራችሁ «ፔጆ እኮ ናት» ያለው ከአየር አምጥቶ አይደለም። ያሸነፉት ግን አዲስ የውኃ ጎማ ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ነበሩ። ሌላም ልጨምር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው 404 ለገበያ በቀረበችበት ዓመት፣ በ1952 ዓ.ም. ነው። እኩያዋ ነው። ቁጥር 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። እናንተ «አሮጌ» ብላችሁ ያለፋችኋት መኪና እና ይህ አንቀጽ በዕድሜ አይበላለጡም፤ አንቀጹን ግን ማንም አሮጌ ነው ብሎ አልተወውም።

ስለዚህ የጥገናውን 84,600 ብር፣ የከፈልኩትን ቅድሚያ 30,000 ብር እና የጠፋውን የጎማ ክዳን እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ቀሪው 30,000 ብር አይከፈልም። ረዳቱ ላይ ዕዳውን ጭናችሁ እንድታባርሩት ግን አልፈልግም። የነዳው ታዝዞ ነው፤ ሽንኩርቱም የእሱ አልነበረም።

መኪናዋ ቴስታታዋ ተፈቶ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። የራሳችሁን ባለሙያ ልካችሁ ማስመርመር ትችላላችሁ፤ ፈትቶ ቢያይም አልቃወምም። እስከ ሰኔ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ። የውሉን፣ የሁለቱን ፎቶዎችና የመካኒኩን ግምት ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናዋ ባለቤት