ምክር ስትሰሚ መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ ጠይቂ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ መሃል ሜዳ

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ? ሕፃኑስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በቴሌግራም ያስተላለፍሽልኝን የእናቶች ድምፅ ሁሉ ሰማሁት። ክፋት የለባቸውም፤ ግን ማንኛቸውም ልጃቸው ስንት ወሩ እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን አልተናገሩም። ያለዚያ ምክሩን አትቀበዪ። የሚኖሩበትንም ጠይቂ። ሙቀታሙ ሸዋ ሮቢት ያለችው «ሌሊት አትደራርቢበት» ብትል ለአገሯ ልክ ናት፤ መሃል ሜዳ ላይ ግን ልጁን ታበርደዋለች። ከብርዱ ፈርተሽ ደግሞ ከሰል ተቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት እንዳታስተኚው፤ መርዙ ሽታም የለው፣ ቀለምም የለው።

ያሳሰበኝ «ለትኩሳት ፓራሲታሞል 5 ሚሊ ስጪው» ያለችው ናት። የቱን ፓራሲታሞል? ሽሮፑ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ በጠብታ የሚሰጠው ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሊሆን ይችላል። ያው 5 ሚሊ ከጠብታው 500 ሚሊ ግራም ሆነ ማለት ነው፤ ጉበት ይጎዳል። ልኩ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። ለ7 ኪሎ ልጅ ከዚያ ሽሮፕ 3 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፣ በሻይ ማንኪያ አትለኪ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይሻላል።

ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ኦአርኤሱን፣ «በብርጭቆ በጥብጪው» ያለችሽም ተሳስታለች። አንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር ነው፤ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ካነሰ ጨው ይበዛና ልጁን ይብሱን ያደርቀዋል። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያልሽ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ ቀጥዪ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፊው። ጡቱንም እንዳታቋርጪ። ጤና ኬላ ዚንክ ከሰጡሽ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ጨርሺው።

«ተቅማጡ ከጥርስ ነው፣ የወተት ጥርሱን አስነቅይው» የሚለውንስ ጭራሽ አትስሚ። ድዱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ገና ያልወጣው ጥርስ ነው። የሚተርፈው መድማትና መመረዝ ነው። እንጥል ማስቆረጡም ያው።

ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ምንም፤ ውሃም፣ አብሽም፣ ቅቤ ማላስም አይደለም። ማር ደግሞ ዓመት እስኪሞላው። ከስድስት ወር በኋላ ገንፎው ላይ ተጠንቀቂ። ሁሉም «አጥሚት ስጪው» ይላሉ፤ የቀጠነ አጥሚት ግን ትንሿን ሆዱን በውሃ ይሞላትና ሳይጠግብ ያጠግበዋል። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጊው ወዲያው ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ማንኪያው ላይ ቆይቶ ቀስ ብሎ ሲወርድ ልክ ነው። ሦስት እጅ የገብስ ዱቄት፣ አንድ እጅ የተቆላና የተከካ ባቄላ ወይም ምስር፣ መጨረሻ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ። በደንብ የበሰለ እንቁላልም አድቅቀሽ ጨምሪበት። በጾም ጊዜ ዕቃ ይነካካል ብለሽ እንቁላሉን እንዳትከለክይው፤ ለእሱ ብቻ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዪ፣ እማዬም አትቆጣም። መጀመሪያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4።

ቢያስለው ደረቱን ገልጠሽ፣ ዝም ባለበት ሰዓት፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሪ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ልጅ 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የማንንም ድምፅ ሳትሰሚ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። መጥባት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከደነዘዘም እንዲሁ።

ሲሪንጁንና ቴርሞሜትሩን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

እህትሽ